ወጪና ወራጅ

ሰኔ ሃያ ስምንት፤ በጀት ሊዘጋ ነው፣
የጦሳ ጉም ወርዶ መስኮቴን ጋረደው።
ደሴ፣ ፎቅ ላይ ያለሁ የምክር ቤት ሒሳብ ሹም፣
ደረሰኝ ነው እንጂ ሰው አላገላብጥም።

ተመራጭ ሲያወጣ ለጽሕፈት ቤቱ፣
ይተካለታል ነው የኛ ቤት ሥርዓቱ።
ኪራይም፣ ወረቀት፣ የስልክም፣ የቤንዚን፣
ብቻ ማኅተም ይኑር፤ አንጠይቅም ለምን።

ያንዱ ቤንዚን ይላል፣ ሦስት መቶ ሊትር፣
ማደያው ደርቆ በሰነበተበት ወር።
ያንዱ የቀለም ነው፣ ለማተሚያ ማሽኑ፤
ገና አልተቆረጠም ማሽን የሚገዛበት ቀኑ።
ክብ ማኅተም አለው፣ ተከታታይ ቁጥር፣
የግብር ከፋይ ቁጥሩ በግራ በኩል ሰፍሯል፤
በቀይ እስክሪብቶ ‘ይከፈል’ እላለሁ።
አልፏል።

የአሊጋዝ ፖስታ ግን ሁልጊዜም ቀጭን ነው።
የተንታ ተመራጭ። አጅባር ላይ አንድ ክፍል፣
የወር ኪራይ ከነውሉ፣
አንድ የበር ቁልፍ፣
ሻማ አንድ ደርዘን (መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት)፣
ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ፣
የአናጢው ፊርማ፣ የእንጨት ቤቱ ማኅተም።
ከሁሉ ሥር ግን፣
ከደብተር የተገነጠለች አንዲት ቅጠል፦
‘የበቅሎ ኪራይ። ሦስት ቀን። በሽሎ ቆላ ድረስ፣
የመራጭ አቤቱታ ለመስማት።
ተቀባይ ሙሄ አበጋዝ።’
ከታች የአውራ ጣት፣ ሐምራዊ፣
ከአምባ ላይ ቁልቁል ሲያዩት
እንደ ታረሰ ማሳ፣ ትልሙ የሚቆጠር።

በቅሎ ማኅተም የላትም።
መመሪያው ‘ሕጋዊ ደረሰኝ’ ይላል፣
ጣት አይልም።
‘ተመላሽ’ ብዬ ጻፍኩ፣ ከነአንቀጹ።

ደወለልኝ አሊጋዝ። አልተቆጣም ከቶ።
‘መኪና ቢገባ በመኪና ነበር፣’ አለኝ ሳቅ ብሎ፤
‘ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ገደል ደረሰኝ አይቆርጥ።’
እኔም መመሪያውን አነበብኩለት፣
እሱም እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤
ሰው መስማት ለምዷል።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ በሬን አንኳኳ፣
ጋቢው የመንገዱን አቧራ የጠጣ።
ተቀመጥ ብለው እንቢ አለኝ።
አውራ ጣቱን አነሣ፣ ‘እኔ ነኝ ደረሰኙ፣’ አለኝ።
‘ሰውየው ከፍሎኛል፣ ወላሂ ከፍሎኛል፤
ቀጥፏል ካላችሁት፣ ልመስክር መጥቻለሁ።
በቅሎዬም በደጅ ብትሆን እሷም ትመሰክር ነበር፣
ቁልቁለቱን ወርዶ እንዳላት፣ ከላይዋ፣
እንዳይከብዳት ብሎ።’
ከአጅባር ደሴ የአውቶቡሱ ዋጋ፣ ደርሶ መልስ፣
የአንድ ሌሊት መኝታ፣
ከበቅሎዋ ኪራይ ይበልጣል።
ሒሳብ ሹም ነኝና ወዲያው ደመርኩት።
ሻይ እንኳ አላልኩትም፤
የሻይ ወጪ ርዕስ የለውም።

ኅዳር ላይ ከአሊጋዝ ሌላ ፖስታ መጣ።
ያው ቀጭን። የደብተር ቅጠል ግን የለበትም።
‘ልዩ ልዩ የጽሕፈት መሣሪያ’ ይላል፣
ቧንቧ ውሃ ካለ አንድ ሱቅ፣
ክብ ማኅተም፣ ተከታታይ ቁጥር፣
የግብር ከፋይ ቁጥሩ በግራ በኩል።
ድምሩን አየሁት፦
የበቅሎ የሦስት ቀን ኪራይ፣ እስከ ሳንቲሙ።
ደግሜ አየሁት።
ወደ መስኮቱ ዞርኩ፣ ጦሳ የለም፣ ጉም ብቻ።
ይህን ጽሕፈት ማን አስተማረው ብዬ
ልጠይቅ ፈለግኩ፤ የምጠይቀው ግን አጣሁ፣
ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።
‘ይከፈል።’

ያቺ የደብተር ቅጠል መሳቢያዬ ውስጥ ናት፣
ከፋይል ውጪ ናት፣ መዝገብ የማያውቃት።
አንዳንዴ ስከፍተው፣ ስቴፕለር ፍለጋ፣
ሐምራዊው ጣት ያየኛል፣ አይኑን ሳይዘጋ።

ወጪው ተወራረደ፣ ኦዲትም አመሰገነ።
ወጪና ወራጁን ስቆጥር የኖርኩት ሰውዬ
አንዱን ቆጥሬ አላበቃሁም፦

እሱ በሽሎ ወርዶ፣ ወጥቶ ነበር ያኔ፤
ወንበሬ ላይ ሆኜ የወረድኩት እኔ።